ትንሿ ዶቃ፣ ትልቁ አደራ

በረመዳን ወር በብዙ ሙስሊም ቤቶች ከእጅ የማትለይ አንዲት ነገር አለች፤ ተስቢህ። ዒድ ሲቃረብ ደግሞ ከሣጥን ግርጌ የሚወጡ ሌሎች አሉ፤ የአያት የአምበር ድሪ፣ የእናት የብር ጌጥ፣ ለትንሿ ልጅ አንገት የሚታሰር ባለ ቀለም ዶቃ። ዕቃዎቹ ትንንሽ ናቸው። በመዳፍ ይያዛሉ፣ በአንድ ክር ይሰካሉ። ከዚህም የተነሳ ይሆናል ታሪካቸውን የሚጠይቅ ሰው የሚያንሰው።

ይሁንና የሰው ልጅ መሬት ከማረሱ፣ ፊደል ከመቅረጹና ገንዘብ ከማተሙ እጅግ ቀደም ብሎ ዶቃ በስቶ በክር ሰክቷል። በመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ዘመንም የአንድ የአንገት ጌጥ መጥፋት ወይም መመለስ ዛሬ ድረስ የምንማርባቸውን ታላላቅ ጉዳዮች አስከትሏል። በዚህ ጽሑፍ የዶቃን ረጅም ጉዞ በአጭሩ ከተከተልን በኋላ፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ውስጥ ስለነበሩ ጥቂት ጌጦች እናነሳለን። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉትስ ምን ይጠብቁብናል የሚለውንም እንመለከታለን።

ከእርሻና ከጽሕፈት በፊት

ሞሮኮ ውስጥ ከኤሳዊራ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ቢዝሙን የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች በዚህ ዋሻ 33 የተበሱ ትንንሽ የባሕር ዛጎሎች አግኝተዋል። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት ዛጎሎቹ ከ142 ሺህ እስከ 150 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ላያቸው ላይ የሚታየው የመፈተግ ምልክት በክር ተንጠልጥለው እንደተለበሱ ያመለክታል። በደቡብ አፍሪካው ብሎምቦስ ዋሻ የተገኙት ተመሳሳይ ዛጎሎች ደግሞ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው።

የእኛ አገርም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ400 በላይ የየብስ ቀንድ አውጣ መክደኛዎች ተገኝተዋል። መክደኛ የሚባለው ቀንድ አውጣው ወደ ቅርፊቱ ሲገባ በሩን የሚዘጋበት ክብና ጠፍጣፋ አካል ነው። እነዚህ ግን መሐላቸው ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዋሻው የኖሩ ሰዎች እንደ ዶቃ ሳይጠቀሙባቸው እንዳልቀሩ ጠቁሟል።

ተመራማሪዎች ለእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጡት በምክንያት ነው። ድንጋይ ቢሳል ሥጋ ይቆርጣል፤ እሳት ቢነድ ያሞቃል። ዶቃ ግን አያበላም፣ አያሞቅም፣ አይቆርጥም። ዶቃ የሚያገለግለው ሌላ ሰው ሲያየው ብቻ ነው። የለበሰው ሰው ከማን ወገን እንደሆነ፣ ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ሐዘን ላይ ይሁን ደስታ ላይ ለተመልካች ይናገራል። በሌላ አነጋገር ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን ዶቃ መልእክት ነበር።

ባሕር የተሻገረ ድንጋይ

ከዛጎሉ በኋላ የድንጋይ ዶቃ መጣ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ዐረቦች ዐቂቅ የሚሉት ቀይ ድንጋይ ነው። በሕንድ ጉጃራት አካባቢ የሚወጣው ድንጋይ ከመሬት ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው። ባለሙያዎቹ በዝግታ በሚነድ የኩበት እሳት ያሞቁታል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት በሙቀቱ ሲለወጥ ቀለሙ ወደ ቀይነት ይለወጣል። ከዚያ ተፈልጦ፣ ተሞርዶ፣ በመሰርሰሪያ ይበሳል። ከ4 ሺህ ዓመታት በፊት በኢንደስ ሸለቆ የነበሩ ሠራተኞች ረዥሙን የዐቂቅ ዶቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመብሳት ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። እነዚህ ዶቃዎች በዛሬዋ ኢራቅ በኡር ከተማ ነገሥታት መቃብር ውስጥ ተገኝተዋል። ድንጋዩ ባሕር ተሻግሮ ሄዷል ማለት ነው።

በቀይ ባሕር በኩልም ንግዱ ደርቶ ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ፣ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ጌጥ ድንጋዮችን ይጠቅሳል። ለሴቶች አምባርና አልቦ መሥሪያ የሚቆራረጥ መዳብም በዚያው ወደብ ይገባ ነበር።

ትልቁ የሙስሊም ተጓዥ ኢብን በጡጣም የዚህ ንግድ ምስክር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በማልዲቭ ደሴቶች ቃዲ ሆኖ ሲያገለግል፣ 400 ሺህ ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ሲሸጥ ተመልክቷል። በምዕራብ አፍሪካ በማሊና በጋኦ ግን ያው ዛጎል 1 ሺህ 150ው በአንድ ዲናር እንደሚሸጥ ጽፏል። ባሕርና በረሃ አቋርጦ እዚያ ሲደርስ ዋጋው ወደ 350 እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ለማልዲቭ ዓሣ አጥማጅ ከባሕር የሚለቀም ነገር የነበረው ለማሊ ነጋዴ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። የዶቃና የዛጎል ዋጋ ያለው በዕቃው ላይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ዋጋ የሚሰጠው ሰው ነው።

የእናት ድሪ በበድር ማግስት

ይህንን እውነት ከማንም በላይ የሚያስተምሩን ግን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ውስጥ የነበሩት ጌጦች ናቸው።

የበድር ዘመቻ የተካሄደው በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር ነው። ከመካ ወገን ከተማረኩት መካከል የነቢዩ ልጅ የዘይነብ (ረ.ዐ) ባል አቡል ዓስ ይገኝበት ነበር። በዚያን ጊዜ ገና አልሰለመም፤ ዘይነብም መካ ነበሩ። የመካ ሰዎች ለምርኮኞቻቸው ቤዛ ሲልኩ እሳቸውም ለባላቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ ላኩ። ከገንዘቡ ጋር አንድ ድሪ ነበረ። ድሪው የእናታቸው የኸዲጃ (ረ.ዐ) ነው፤ ዘይነብን ሲድሩ አንገታቸው ላይ ያሰሩላቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድሪውን ባዩ ጊዜ ልባቸው እጅግ ተነካ። ኸዲጃ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሁሉ ባስተባበላቸው ጊዜ ያመኗቸው፣ በገንዘባቸውም በነፍሳቸውም ከጎናቸው የቆሙት የባለቤታቸው ትዝታ በዚያ ድሪ ፊታቸው መጣ። ሆኖም በራሳቸው ሥልጣን ድሪውን አልመለሱም። ቤዛው የሙስሊሞች ሁሉ ሐቅ ነበርና ሶሓቦቻቸውን ፈቃድ ጠየቁ። ሶሓቦችም ምርኮኛውን ለቀቁ፤ ድሪውም ለዘይነብ ተመለሰ። አቡል ዓስ ዘይነብን ወደ መዲና እንዲልክ ቃል ገብቶ ሄደ፤ ቃሉንም ጠበቀ፤ በኋላም እስልምናን ተቀበለ።

በሚዛን ቢቀመጥ ያ ድሪ ከሌሎች ጌጦች አይለይም ነበር። ለአንድ ቤተሰብ ግን የእናት እጅ፣ የሠርግ ቀንና የመለየት ሐዘን በአንድ ክር ላይ የተሰኩበት ነበር።

ከነጃሺ የመጣ ቀለበት

የዘይነብና የአቡል ዓስ ልጅ ኡማማ ትባላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሲሰግዱ ትከሻቸው ላይ ይዘዋት እንደነበር፣ ሱጁድ ሲወርዱ አስቀምጠው ሲነሱ መልሰው ይይዟት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ይህቺ ሕፃን ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኛት አንድ ጌጥ አለ። እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ከሐበሻው ንጉሥ ከነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጌጣጌጥ ስጦታ ደረሳቸው። ከስጦታው መካከል ሐበሻዊ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት ነበረበት። ነቢዩ ቀለበቱን ብዙም ሳይመለከቱት አነሱና የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድታጌጥበት ሰጧት።

ከኸዲጃ ወደ ዘይነብ የተላለፈው ድሪ፣ ከሐበሻ ምድር ወደ ኡማማ ጣት የደረሰው ቀለበት፣ ሁለቱም በአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ውስጥ ናቸው። ወርቅ ለሙስሊም ወንድ አልተፈቀደም፤ ለሴት ልጅ ግን ጌጥ ነው። አያት ከንጉሥ የመጣ ስጦታ በእጃቸው ሲገባ አላስቀመጡትም፤ የምትደሰትበትን ልጅ አሰቡ። ለወላጆችና ለአያቶች ትልቅ ትምህርት አለው።

የጠፋው የአንገት ጌጥ

ስለ ዶቃ ሲነሳ የእናታችን የአዒሻ (ረ.ዐ) የአንገት ጌጥ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከየመን ዘፋር በሚመጣ ባለ መስመር ድንጋይ የተሠራ ዶቃ ነበር።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ረዥም ሐዲስ እንደተነገረው፣ ሠራዊቱ ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለስ መዲና አቅራቢያ ሰፈረ። አዒሻ ለግል ጉዳያቸው ወጣ ብለው ሲመለሱ አንገታቸውን ቢዳስሱ ዶቃው የለም። ሊፈልጉት ወደኋላ ሄዱ። በዚህ መሐል ሠራዊቱ ተነሣ። ጓዙን የሚጭኑት ሰዎች እሳቸው ውስጡ ያሉ መስሏቸው የተሸፈነውን መቀመጫ ግመሉ ላይ ጫኑት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቀላል ስለነበሩ ልዩነቱ አልታወቃቸውም። አዒሻ ዶቃውን አግኝተው ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። ከሠራዊቱ ኋላ ይከተል የነበረው ሰፍዋን አገኛቸውና በግመሉ አስቀምጦ፣ እሱ ግመሉን እየመራ ከሠራዊቱ አደረሳቸው።

ከዚያ ወሬው ተነዛ። አንድ ወር ያህል የንጹሕ ሰው ስም በየቤቱ ተነሣ፤ አዒሻ ታመሙ፣ አለቀሱ፣ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ንጽሕናቸውን የሚመሰክሩት የሱረቱ ኑር አንቀጾች ወረዱ። በሰው ክብር ላይ ያለ አራት ምስክር መናገር ከባድ ወንጀል መሆኑም በዚያው ሱራ ተደነገገ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ወሬውን ካዛመቱት አንዱ ሚስጠሕ ነበር፤ የአቡ በክር (ረ.ዐ) ዘመድ የሆነ ችግረኛ ሰው፣ ቀለቡን የሚሰፍሩለትም አቡ በክር ነበሩ። የልጃቸው ስም ሲጎድፍ ዳግም እንደማይረዱት ማሉ። ይቅርታን የሚያሳስበው የቁርኣን አንቀጽ ሲወርድ ግን እርዳታውን ወዲያው መልሰው ቀጠሉለት። በረመዳን ከዘመድ ጋር ተኳርፎ ለሚያፈጥር ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ ከየት ይመጣል? በስልክ የደረሰንን ወሬ ሳናጣራ ወደ ሌላው ለምናስተላልፍም እንዲሁ።

በሌላ ጉዞም የአዒሻ የአንገት ጌጥ ጠፍቶ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪፈለግ ድረስ ቆዩ፤ ሰዉም አብሮ ቆየ። በቦታው ውሃ አልነበረም። ሰዎች ለአቡ በክር አቤቱታ አቀረቡ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ተቆጡ። በዚያ ሌሊት የተየሙም ድንጋጌ ወረደ፤ ውሃ ያጣ ሰው በንጹሕ አፈር ተጠቅሞ እንዲሰግድ ተፈቀደ። ግመሉን ሲያስነሱት የጠፋው ጌጥ ከሥሩ ተገኘ። ዛሬ ውሃ ያጣ መንገደኛም ሆነ ውሃ የሚጎዳው ሕመምተኛ የሚጠቀምበት እፎይታ የመጣው አንድ ዶቃ በጠፋበት ሌሊት ነው።

ከፍሬ እስከ ተስቢህ

ዶቃን ለውዳሴ መቁጠሪያ ያደረጉ ሃይማኖቶች ብዙ ናቸው። ሂንዱዎችና ቡድሂስቶች 108 ፍሬ ያለው ክር ይጠቀማሉ። የክርስቲያን መነኮሳትም መቁጠሪያ አላቸው። በእንግሊዝኛ ዶቃን የሚያመለክተው «ቢድ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንት ዘመን ትርጉሙ ጸሎት ነበር።

በእስልምና የዚክር መቁጠሪያው መነሻ የገዛ ጣት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን በጣቶቻቸው እንዲቆጥሩ መክረዋል፤ ጣቶች በትንሣኤ ቀን ተጠይቀው የሚመሰክሩ ናቸውና። ከቀደምቶቹ በተምር ፍሬና በጠጠር የቆጠሩም እንደነበሩ ተዘግቧል። በክር የተሰካው ተስቢህ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ሊቁ ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ስለ ተስቢህ ራሱን የቻለ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ብዙዎቹ ዑለማዎች ጣት ይበልጣል፣ ተስቢህ ግን ለመቁጠር የሚያግዝ መሣሪያ ስለሆነ ችግር የለውም ይላሉ፤ ያልወደዱትም አሉ።

ባለ 99ኙ ተስቢህ ከ33ኛውና ከ66ኛው ፍሬ በኋላ የሚለዩ ምልክቶች አሉት፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ረዘም ያለ ፍሬ ይሰካል። የሚሠራውም ከወይራ ፍሬ፣ ከእንጨት፣ ከዐቂቅና ከአምበር ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚወጣው ዩስር ከተባለ ጥቁር ኮራልም ይሠራል፤ አንዳንዱ በብር ነጠብጣብ ይዋባል።

ይሁንና ከመኝታ በፊት የሚባለው ዚክር የተሰጠው በማን ምክንያት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። እናታችን ፋጢማ (ረ.ዐ) ወፍጮ ሲፈጩ መዳፋቸው ተጎድቶ ነበርና የምታግዛቸው አገልጋይ ፈልገው ወደ አባታቸው ሄዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአገልጋይ የሚሻል ብለው ያስተማሯቸው፣ ሲተኙ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ ነው። ስለዚህ ተስቢህ በእጅ የያዘ ሰው የደከመች እናትን ያስታውስ። በረመዳን ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ምድጃ ሥር የምትውለውን ማገዝም ከዚሁ ትምህርት ጋር ይሄዳል።

ዶቃ ጌጥ ሲሆን እንጂ ጠባቂ ሲሆን ግን ጉዳዩ ይለያል። ሕፃን ልጅ ላይ ከዓይን ይከላከላል ተብሎ የሚንጠለጠል ዶቃን ሐዲስ በግልጽ ይከለክላል። ጠባቂው አላህ ነው፤ ዶቃው ደግሞ ድንጋይ ነው።

ሣጥናችን ውስጥ ያለው

አሁን ወደየቤታችን እንመለስ። በሐረር፣ በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ እናቶች ከእናቶቻቸው የወረሱት ቢጫ የአምበር ዶቃ አላቸው። እውነተኛው አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ደርቆ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ በ1907 ቤክላይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ቁስ ከተፈጠረ በኋላ ግን አምበር የሚመስል ዶቃ በአውሮፓ እየተሠራ በብዛት ወደ አፍሪካ ገብቷል። ሁለቱን በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ከክሩ የወጣ አንድ ፍሬ ብዙ ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲጨመር፣ አምበሩ ይንሳፈፋል፤ ቤክላይቱ ይሰጥማል። በጋለ መርፌ መውጋት ግን ዶቃውን ያበላሸዋል። ቢሰጥምም አይጣል፤ የአያት አንገት ላይ ዕድሜውን የቆየ ዶቃ ከየትኛው ቁስ ቢሠራ ታሪኩ አይቀንስም።

የብር ጌጦቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ከማርትሬዛ ብር ነው። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከግማሽ የሚጠጋ ነው። አንጥረኛው አቅልጦ አምባር፣ ሰንሰለትና የአንገት ጌጥ አድርጎታል። ዛሬ ጌጡ ሲሸጥ የሚመዘነው እንደ ተራ ብር ነው። ገዢው መልሶ ካቀለጠው የአንጥረኛው የእጅ ሥራና የቤተሰቡ ታሪክ አብረው ይቀልጣሉ። ሐረር በሚገኘው በአብዱላሂ ሸሪፍ የግል ሙዚየም ከተሰበሰቡት ቅርሶች መካከል እንዲህ ያሉ ጌጣ ጌጦች አሉ፤ በየቤቱ ከነበሩት ግን ስንቱ ባለታሪኩ ሳይታወቅ ወጥቷል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከኢፍጣር በኋላ ልጆች ተሰብስበው ሳሉ አያት ሣጥኗን ትክፈት። ይህን ማን ሰጠሽ፣ መቼ ለበስሽው፣ ከየት መጣ ብለው ልጆቹ ይጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጽፈው ከጌጡ ጋር ያስቀምጡት። ክሩ ያረጀ ከሆነ ዶቃው ሳይበተን በጠንካራ ክር እንዲሰካ ይደረግ፤ አምበር ደግሞ ከሽቶና ከእሳት ሙቀት ይራቅ።

የድሃው ድርሻ

ጌጥ ባለበት ቤት የዘካ ጥያቄ ይነሳል። ከድንጋይ፣ ከመስታወትና ከአምበር የተሠራ ዶቃ ለንግድ ካልሆነ ዘካ የለበትም። ጥያቄው የሚነሳው በወርቅና በብር ላይ ነው። ለወርቅ 85 ግራም፣ ለብር 595 ግራም ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት የሚወጣው 2.5 በመቶ ነው። ሴት ለምትለብሰው ጌጥ በሐነፊ መዝሀብ ዘካ ይወጣል፤ በሻፊዒይ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች ግን የተፈቀደና የሚለበስ ጌጥ ዘካ የለበትም። በማርትሬዛ ሲሰላ የብሩ ልክ የሚሞላው በ26 ገደማ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ስለማይለበሰው ጌጥ የአካባቢያችንን ዓሊም መጠየቅ ይበጃል።

ከግዴታው ባሻገር ያለው ደግሞ የፍቅር ስጦታ ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ አልፈጥር ቀን ሶላቱን ካሰገዱ በኋላ ሐበሻዊውን ቢላልን (ረ.ዐ) አስከትለው ወደ ሴቶቹ ሄዱና ሰደቃ እንዲሰጡ አሳሰቧቸው። ሴቶቹም ጉትቻቸውንና የአንገታቸውን ድሪ እያወለቁ ይሰጡ ጀመር። ሐዲሱ የሚጠቅሰው የድሪ ዓይነት ወርቅም ብርም የሌለበት፣ ከቅርንፉድና ከመልካም መዓዛ ቅመም እየተሰካ የሚሠራ ነበር።

በሚዛን ላይ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሰጪዎቹ ግን ለዒድ ያጌጡበትን ከአንገታቸው አውልቀው ነው የሰጡት። ከ14 መቶ ዓመታት በኋላም ሲወራ የሚኖረው ያ ነው።